አሉ፣ ጠብቆ ሲነበብ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኔ ከኪዳን ይጀምራል። ቤቴ ጉለሌ፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ነው። ሬዲዮ የምከፍተው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ውኃ ከቀመስኩ በኋላ ነው፤ ሥራዬ የነበረ ነገር ከጸሎት እንዳይቀድምብኝ እጠነቀቃለሁ። ዕድሜ ሰጥቶ ለዚህ ላደረሰኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።

ባለፈው ሰሞን ሰላም ደወለችልኝ። ሰላም እኔ ያሠለጠንኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ በድሮው መሥሪያ ቤቴ የማስታወቂያ ክፍሉ ኃላፊ ሆናለች።

«እትዬ ፀሐይ፣ አሁን ማስታወቂያ የሚያነብልን ኮምፒውተር ነው። መጥተው ይስሙልንና የሚያስቀይም ነገር ካለው ይንገሩን» አለችኝ።

ሄድኩ። በእኛ ጊዜ አንድ ክፍል ሙሉ መሣሪያ የሚሠራውን ሥራ ሁለት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠሩታል። የከፈቱልኝ ድምፅ የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ የጠራ፣ የማይደክም፣ ጉንፋን የማያውቀው። እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት። የፈለግሁትን እንድጽፍለት ሲፈቅዱልኝ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ አባትህ አሉ አትምጣ።

አነበበው። ልጆቹ ተያዩ።

«ልክ ነው አይደል?» አለ አንደኛው።

«ምን ማለት ነው አልከው?»

«አባትህ አትምጣ ብለውሃል ማለት ነዋ።»

«እኔ የጻፍኩት ግን አባትህ ደህና ናቸው፣ በሕይወት አሉ፣ ስለዚህ አትምጣ ነው» አልኩት።

ሁለቱም ጽሑፉን እንደገና አዩት። ከዚያ ሰላም ሳቀች። «እትዬ፣ ማሽኑን ሳይሆን እኛን ነው እኮ የፈተኑን። ይቺን ነገር ከየት አመጧት?»

«ከቀጨኔ» አልኳት። ያን ቀን ቁጭ ብዬ የነገርኳቸውን ነው አሁን የምጽፈው። የሬዲዮ ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ።

አማርኛችን ሲጻፍ የማይታይ ነገር አለው። «አሉ» ላልቶ ሲነበብ ተናገሩ ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የአንባቢው ምላስ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ጋሽ ደምሰው ከሚባል ሰው ነው።

የተወለድኩት ሞጣ ነው። አክስቴ ዘንድ ልኖር መጥቼ እዚሁ ጉለሌ ቀረሁ፣ እዚሁ አረጀሁ። እንዲያም ሆኖ አገርሽ የት ነው ሲሉኝ እስካሁን ሞጣ ነው የምለው። ጣቢያው ሲቀጥረኝ ያስቀመጠኝ በመስኮት ነበር፤ የሰው መልእክት እቀበላለሁ። ያኔ ሞባይል የለም፣ ገጠር ስልክ የለም። የታመመ ዘመድ ያለው፣ ሰው የሞተበት፣ ልጁ የጠፋበት ሁሉ ወደ እኛ መስኮት ይመጣል። ክፍያው በቃላት ቁጥር ስለነበር ሰው የሚናገረውን ያሳጥራል። እኔ እጽፋለሁ፣ ማታ ጋሽ ደምሰው ያነበዋል። ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ትደርስ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለሷ የምለው የለኝም።

ጋሽ ደምሰው አጭር፣ ቀጭን ሰው ነበር። ድምፁን በሬዲዮ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ሲያዩት ሌላ ሰው ይጠብቃሉ፤ እሱም ይህን ያውቅና «ሌላው ከኋላ እየመጣ ነው» ይላቸዋል። ሊያነብ ሲል አፉን በለብ ያለ ውኃ ይጉመጠመጣል። የሥራ ቀን ቆሎ አይበላም፤ ጥርስ ውስጥ የቀረች ፍሬ ስም ታበላሻለች ይላል። የሞት ማስታወቂያ ሲሆን ተቀምጦ አያነብም፤ ማይኩን ከፍ አድርጎ ይቆማል።

«ጋሼ፣ ሰሚው እኮ አያይህም» አልኩት አንድ ቀን።

«ሟቹ ቢያየኝስ?» አለኝ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ነበረው። ማይክ የሰው ነው ብሎ ያምን ስለነበር የራሱን ዘመድ ሰላም ብሎ አያውቅም። የገዛ ወንድሙ ሲያገባ እንኳ እንደማንኛውም ሰው በመስኮቱ ተሰልፎ የምሥራች አስነግሯል።

አንድ ቀን አስካለ የምትባል የቀጨኔ ልጅ መጣች። አባቷ አቶ ገብሬ ሸማኔ ናቸው። ወንድሟ ንጉሤ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ፣ እንደ አባቱ መሸመኑን ትቶ፣ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል። እዚያ ሳለ ሌላ ገብሬ የሚባል ሰው ሰፈር ውስጥ ሲሞት ወሬው ተሳስቶ አባትህ ሞቱ ተብሎ ይደርሰዋል። እሱም በአንድ ሾፌር በኩል «ሒሳቤን ተቀብዬ ለአርባው እደርሳለሁ» ብሎ ልኳል።

«አጨዳውን ጥሎ በከንቱ እንዳይመጣ ነው» አለችኝ አስካለ። «አባባ አሉ፣ አትምጣ፣ ይበቃል። ሌላው ያስከፍለኛል።»

ጻፍኩላት፦ ለንጉሤ ገብሬ ሁመራ አባባ አሉ አትምጣ አስካለ።

ማታ ጋሽ ደምሰው አነበበው። እኔ ወደ ቤቴ ሄጄ ስለነበር አልሰማሁትም። በማግስቱ መስኮቱን ስከፍት አስካለ ቆማ አገኘኋት።

«እህቴ፣ ትናንት ያነበበው ሰውዬ ማን ነው?»

«ምነው፣ አልተነበበም እንዴ?»

«ተነቧል። ባይነበብ ይሻል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ 'ገብሬ ልጁን በሬዲዮ አትምጣብኝ አለው' እያለን ነው። አባባም ጎረቤት ቤት ሆነው ሰምተውታል። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሱም።»

ጋሽ ደምሰው ከውስጥ ሰምቶ ወጣ። «እንዴት አድርጌ አነበብኩት? እንደሰማሽው በይልኝ» አላት።

አለችለት። ላልቶ ነበር። «አባባ አሉ» ብሎ ትንሽ አረፍ ብሎ «አትምጣ» ያለው፣ ልክ የአባትን ቃል እንደሚያደርስ ሰው ነበር። ድምፁ የታወቀ፣ ሰው የሚያምነው ድምፅ መሆኑ ነገሩን አከፋው።

ጋሽ ደምሰው መነጽሩን አወለቀ። «ልክ ነሽ። እንደዚያ ነው ያልኩት።»

«ወረቀቱ ላይ እኮ አራት ነጥብ የለም» አልኩ፣ እሱን ለማዳንም ራሴን ለማዳንም።

«አስቀድሜ ማየት የእኔ ሥራ ነበር፣ ፀሐይ» አለኝና ወደ አለቃችን ቢሮ ገባ። ተከተልኩት።

አለቃችን አቶ ሙሉጌታ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ዛሬ ማታ አጥብቀህ አንብበው፣ አለቀ» አሉት።

«ሁመራ ላይ ሬዲዮው እየተንጫጫ ነው የሚሰማው። ጥብቁ ከላላው አይለይም። ቃሉን ቀይሬ፣ አባትህ ደህና ናቸው ብዬ ባነብም ልጁ አባቱ በሕይወት መኖሩን ነው የሚያውቀው። አትምጣ ያሉት ግን ከልቡ አይወጣም። ተጣልቶ የሄደ ልጅ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«አባትየው በገዛ ድምፃቸው ይናገሩ።»

«ይሄ የመልእክት ሰዓት ነው እንጂ ቃለ መጠይቅ አይደለም፣ ደምሰው።»

«ለዛሬ የእኔን የንባብ ሰዓት ይስጡኝ። ይህን ሳላስተካክል የሌላ ሰው ስም አልጠራም።»

አቶ ሙሉጌታ የድምፅ መቅረጫው የሚቀመጥበትን ሣጥን ቁልፍ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡት።

ሰፈሩ የእኔ ስለሆነ መንገዱን እየመራሁ ወጣን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የቀጨኔ ዳገት ያንሸራትታል። ጋሽ ደምሰው መቅረጫውን እንደ ሕፃን አቅፎ በየጥቂቱ ይቆማል።

«ይሄን ዳገት በየቀኑ ትወጪዋለሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን ስሄድም እወጣዋለሁ።»

«እንግዲህ ሳትገቢ ነው የምትጸድቂው» አለኝ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

አቶ ገብሬ ሸማ ላይ ነበሩ። ስንገባ እጃቸውን አላቆሙም፤ መወርወሪያዋ በድሩ መካከል ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አስካለ ማንነታችንን ስትነግራቸው ቀና ብለው ጋሽ ደምሰውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ያላልኩትን ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ይቅርታ ልጠይቅዎት መጥቼ ነው።» ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«ድምፅህ ትልቅ ነው፣ ሰውነት ግን ምንም የለህም» አሉት። አስካለ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ደምሰው ግን ከልቡ ሳቀ፤ ያኔ ነው እሳቸውም በርጩማ እንዲሰጡት ያዘዙት።

የመጣንበትን ነገራቸው። ፊታቸው ተዘጋ። «ጥሎኝ የሄደው እሱ ነው። ልጄን በአገር ፊት አልለምንም።»

ጋሽ ደምሰው አልተከራከረም። «አይለምኑት። እኔ የዋሸሁብዎትን ብቻ ይንገሩኝ። ማሽኑን ከፍቼዋለሁ» አለና ማይኩን ከሸማው እንጨት አጠገብ አስቀመጠው። እሳቸው ሽመናቸውን ቀጠሉ፤ እኔ መሄጃችን የደረሰ መስሎኝ ነበር። ድንገት መወርወሪያዋ ቆመች።

«ማነው አትምጣ ያለው? እኔ ገብሬ ነኝ አትምጣ ያልኩት? አፌ ላይ የሌለ ነገር! ሰው ልጁ ወደ ቤቱ ሲመጣ በር ይዘጋል እንዴ? ሰሊጡን ይጨርስና ይምጣ። የሰው ሥራ አቋርጦ እንዳይመጣ። ሲመጣ ግን ሳያስፈቅድ የወሰደውን ጋቢዬን ይዞ ይምጣ። ጨረስኩ። ዝጋው።»

ጋሽ ደምሰው ቁልፉን ተጫነ። ያ መቅረጫ አሮጌ ስለነበር ቁልፉ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ አይታዘዝም፤ ድምፅ የሚቀረጽበት የቴፕ ክር መዞሩን እንደቀጠለ ያወቅነው በኋላ ነው። አቶ ገብሬ የተዘጋ መስሏቸው መወርወሪያዋን አንድ ጊዜ ወርውረው ወደ አስካለ ዞር ብለው፣ በሌላ ድምፅ፣ ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ወደ ተናገሩት በኋላ እመለሳለሁ።

ስቱዲዮ ስንደርስ ጋሽ ደምሰው እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ያኔ የድምፅ ሥራ የእጅ ሥራ ነበር። ክሩን በጣቱ ወደፊት ወደኋላ እያመላለሰ ፊደሏ የምትነሳበትን ቦታ በጆሮው ይፈልጋል። እዚያች ላይ በነጭ እርሳስ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በምላጭ ይቆርጣል፤ ቀጥ አድርጎ ሳይሆን በሰያፍ፣ ምክንያቱም ቀጥ ተብሎ የተቆረጠ ክር ሲያልፍ ይንቋቋል። ሁለቱን ጫፎች አገጣጥሞ በፕላስተር ይለጥፋል። «ትንፋሽ አትቁረጪ» ይለኛል፤ «ሰው ሳይተነፍስ የሚናገር ከሆነ ሰሚው ምን እንደጎደለ ባያውቅም ይቀፈዋል።» የአቶ ገብሬን ቁጣም፣ መወርወሪያዋ ስትቆም የምታሰማትን ቀጭ የምትል ድምፅም ሳይቆርጥ ተወ። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን፣ ያን ዝቅ ባለ ድምፅ የተነገረውን ሁለታችንም ሰማን።

«ጋሼ፣ ይሄማ ይግባ» አልኩት። «ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ልጁ ይሄን ቢሰማ በእግሩ ነው የሚመጣው።»

«ዝጋው ብለውኛል።»

«ማሽኑ ነው እንጂ አንተ አይደለህ።»

«ፀሐይ፣ እሳቸው ዝጋው ካሉ በኋላ ያለው የእሳቸው ነው» አለና ቆረጠው። ቁራጩን ግን አልጣለውም። የሰው ድምፅ ቅርጫት ውስጥ አይጥልም ነበር፤ ስም ጽፎ በፖስታ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ማታ ተላለፈ። ጋሽ ደምሰው መጀመሪያ «ትናንት እኔ ያነበብኩት ስሕተት ነው፤ አቶ ገብሬ ደህና ናቸው፣ አትምጣም አላሉም፤ ራሳቸውን ስሟቸው» አለ። ጣቢያችን ውስጥ «ስሕተቱ የእኔ ነው» ተብሎ ሲነገር የሰማሁት ያን ቀን መጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ የአባትየው ቁጣ ተከተለ። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ ጋቢው ነበር የሚያወራው።

ንጉሤ ይስማ አይስማ ማንም አያውቅም። አስካለ በየሳምንቱ ትመጣና ወሬ ትጠይቀኛለች፤ የሌለኝን ከየት ላምጣላት። ስእለት ተሳልኩለት። የሰሊጡ አጨዳ አልቆ ብዙ ሳይቆይ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ የተከናነበ ጠይም ጎረምሳ ከአስካለ ጋር መስኮቴ ፊት ቆመ። ላቡ ይንጠባጠባል።

«አውልቀው በይው እንጂ፣ ያመዋል እኮ» አልኳት።

«እስከ ቤት አላወልቀውም ብሏል» አለችኝ። ቃላት እንኳ ሳትቆጥር ነበር የምታወራው። እኔም ስእለቴን አገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ደምሰው በሚያነበው ወረቀት ሁሉ ላይ፣ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደላት ራስ ላይ፣ በእርሳስ ሁለት ሁለት ነጥብ ማድረግ ጀመረ። እኔንም ከመስኮቱ አንስቶ ያንን አስተማረኝ። «በገና» ስል ለበዓሉ ነው ወይስ ለሚደረደረው? «ዋና» ስል አለቃ ነው ወይስ የወንዝ ዋና? አንድ ወረቀት ሳልሳሳት እስካነብ ማይክ አላስነካኝም። በመጨረሻ ሲፈቅድልኝ እናቴ ሞጣ ሆና ትሰማኝ ነበር። እኔም እንደ እሱ የራሴን ሰው ስም በማይክ ጠርቼ አላውቅም፤ እሷ ግን ድምፄ ይበቃት ነበር። እኅቴ እንደነገረችኝ፣ የእኔ ንባብ በተጀመረ ቁጥር እናቴ ጮክ ብላ «አለች» ትላለች።

«ምን አለች?» ይላሉ ጎረቤቶች።

«ምንም አላለች። አለች ነው ያልኳችሁ» ትላለች፣ አጥብቃ። ለሌላ ቋንቋ ሰው ይህ ላይተረጎም ይችላል፤ እኔን ግን ከጉለሌ ሞጣ ያደረሰኝ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር መጣ፣ ብዙ ነገር ሄደ። ለጥቂት ጊዜ ቴሌቪዥን መድበውኝ ነበር። እዚያ ስሠራ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ የሚጠይቀኝ ስላነበብኩት ሳይሆን ስለ ሹሩባዬ ስለነበረ ወደ ሬዲዮ መልሱኝ አልኩ። ኤፍኤም መጣ፤ አድማጩ ራሱ እየደወለ መናገር ጀመረ፣ ወጣት አዘጋጆቹም እየሳቁ ማውራት። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ አባት በገዛ ድምፁ ይናገር ብሎ አለቃ ቢሮ ድረስ መሄድ ቀረ ማለት ነው። ሞባይል ሲገባ መስኮቱ ተዘጋ። ምላጩን ኮምፒውተር ተካው፤ የተቆረጠው ነገርም አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ይመለሳል። ይህን ሳይ እስካሁን እደነቃለሁ። በእኛ ጊዜ የሚመለስ ነገር አልነበረምና።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ንጉሤ ከመጣ ከዓመታት በኋላ አቶ ገብሬ አረፉ። የሞታቸውን ማስታወቂያ ጋሽ ደምሰው ቆሞ አነበበው። ከአርባቸው በኋላ ንጉሤ ጥቁር ለብሶ መጣ።

«ያቺን ያባቴን ቁጣ ልትሰጡኝ ትችላላችሁ? ፎቶማ አለን። ድምፁ ነው የሌለን።»

ጋሽ ደምሰው ወደ ክር ማስቀመጫው ይዞን ገባ። የያኔውን ክር አገኘው። ሲከፍተው የስፖርት ዜና ነበር። ክር እጥረት ስለነበረ በጣቢያው ደንብ የቆየ ሁሉ ተጠርጎ ይቀረጽበታል። ማንም ሰው ያጠፋው አልነበረም፤ ሁላችንም ስንሠራው የኖርነው ነው። ስንት አባትና እናት በዚያ መደርደሪያ ላይ በሌላ ወሬ እንደተሸፈኑ ያን ቀን ነው የገባኝ። በሥራ ዘመኔ ከዚህ የሚብስብኝ ነገር የለም። አንድ ቃል ቢሳሳት በማግስቱ ይታረማል፤ ይሄ ግን አይታረምም።

«የለም፣ ልጄ» አለው ጋሽ ደምሰው። «አጥፍተነዋል።»

ንጉሤ ራሱን ነቀነቀና ሊወጣ ተነሣ።

«ቆይ» አለው ጋሽ ደምሰው። ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዶ ከፖስታዎቹ መካከል አንዱን አወጣ። በእጁ የያዛት ክር ከሰው ቁመት ብዙ አትበልጥም። «ይሄ ያኔ ያላሳለፍኩት ነው። ዝጋው ብለውኝ ሳይዘጋ የቀረ። የእሳቸው ስለነበረ አልነካሁትም። አሁን ያንተ ነው።»

ክሯን ከሌላ ክር ጋር ቀጥሎ ከፈተለት። መወርወሪያዋ ቀጭ ስትል ተሰማች፤ ከዚያ አቶ ገብሬ፣ ዝቅ ባለው ድምፃቸው፦

«አስካለ፣ ሁመራ ሌሊት ይበርዳል ይላሉ እንዴ? ያ የወሰደው ጋቢ ስስ ነው እኮ። ይሄን ወፍራሙን ለእሱ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሳልጨርሰው ሄደ።»

አበቃ። ንጉሤ ማሽኑን እያየ ቆመ።

«ወፍራሙን ሰጥቶኛል» አለ። «የመጣሁ ቀን ነው የሰጠኝ። 'ለገበያ ሠርቼው ሳይሸጥ የቀረ ነው፣ አንተው ልበሰው' ብሎ ወረወረልኝ። ዛሬም የምለብሰው እሱን ነው።»

ጋሽ ደምሰው ክሯን በጣቱ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ከፈተለት።